በፓውንድ ገዝቶ በኩባያ መጋገር

አሜሪካ ውስጥ ዱቄት የሚሸጠው በክብደት ነው፤ የሚጋገረው በስፍር። የተለመደው ከረጢት 5 ፓውንድ፣ ማለትም 2.27 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ወጥ ቤት ሲገባ ግን ፓውንዱ ይረሳና መመሪያው «ሁለት ኩባያ ተኩል» ማለት ይጀምራል። ይህን ያህል ዓመት ኖሬበት እንኳ ነገሩ አልተዋጠልኝም።

በእርግጥ ኩባያው ራሱ የታወቀ መጠን አለው፤ 237 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ውሃ ቢሰፈርበት 237 ግራም ገደማ፣ ስኳር 200፣ ቅቤ 227 ግራም ይሆናል። አስቸጋሪው ዱቄት ነው። በማንኪያ እያነሱ ቀስ ብለው ቢሞሉት 120 ግራም ይመዝናል፤ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክረው ቢዝቁበት ግን 140 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አራት ኩባያ ለሚፈልግ ዳቦ ልዩነቱ 80 ግራም ነው፤ ሊጥ ለማድረቅ ከበቂ በላይ። የቦስተኗ የምግብ ዝግጅት መምህርት ፋኒ ፋርመር በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የኩባያውን አፍ በቢላ ጠርጎ መስፈርን አስፋፍታለች። ቢላው ግን የሚያስተካክለው ከላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ከታች የተጠቀጠቀውን አያይም።

መርካቶ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ በቢላ ጠርጎ የሚሰፍር ነጋዴ ቢገኝ ደንበኛ አይተርፈውም። እኛ ዘንድ ስኒ የሚሰፈረው ተቆልሎ ነው፤ ከቁልሉ በኋላም ምርቃት ይጠየቃል። ሽንኩርቱና ቅቤው በኪሎ ይገዛል፣ ጎመኑ በእስር፤ ድስቱ ከተጣደ በኋላ ግን ሁሉም ወደ ዓይንና ወደ እጅ ይመለሳል። እናቶቻችንን «በርበሬው ስንት ይግባ?» ብንላቸው መልሳቸው «እንደ በርበሬው» ነው። እዚህ ያደጉ ልጆች በዚህ ይስቃሉ። እኔ ግን መልሱ ከኩባያው ይልቅ ትክክል ይመስለኛል፤ የበርበሬው ኃይልና የሽንኩርቱ ውሃ በየጊዜው ይለያያል፣ ባለሙያዋም እያየችና እየቀመሰች ታርማለች። ኩባያ አይቀምስም።

ችግሩ ዓይንም እጅም በስልክ አለመላካቸው ነው። ከአገር ቤት የሚመጣልን ሽሮና በርበሬ 23 ኪሎ በተፈቀደለት ሻንጣ እስከ ግራሙ ተመዝኖ ይደርሳል፤ አሠራሩ ግን «ትንሽ ጨምሪበት» ተብሎ። ለወጥ ይህ ይበቃል። ለእንጀራ አይበቃም። አንዱ አይዳሆ በተባለው የአሜሪካ ግዛት የበቀለ ጤፍ ይገዛል፣ ሌላው ከስንዴ ይቀላቅላል፣ የአፈጫጨቱ ልመትም አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ለዱቄቱም ለውሃውም ሚዛን መግዛት ይሻላል። ጀርመን ያሉ ዘመዶቻችን በዚህ ተገላግለዋል፤ እዚያ መመሪያው ሁሉ በግራም ስለሚጻፍ ሚዛን የወጥ ቤት ተራ ዕቃ ነው።

ወደ አገር ቤት የምንልከውም ቢሆን ያው ነው። «ሦስት እንቁላል» የሚል የኬክ አሠራር ብልክ፣ የአሜሪካው ትልቁ እንቁላል ከነቅርፊቱ 57 ግራም ገደማ ነው፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚያ በጣም ያንሳል። አዲስ አበባ ላለችው የእህቴ ልጅ ስለዚህ «170 ግራም እንቁላል» ብዬ እጽፍላታለሁ። ቤቷ ሚዛን ስለሌላት ጎረቤት ካለው ሱቅ ታስመዝናለች። ባለሱቁ እንቁላል በፍሬ እንጂ በግራም የጠየቀው ሰው ስለሌለ ባያት ቁጥር ይቀልድባታል አሉ፤ «ዛሬስ ስንት ግራም ልቁጠርልሽ?»