ቱቦው ተመልሶ ሲገባ የሚመዘግብ አለ?

ጎንደር ላይ «ልጁ ማሽን ላይ ነው» ከተባለ ለቅሶ የሚጀምር ዘመድ አይጠፋም። «ኦክስጅን አደረጉለት» ማለት ራሱ ለብዙ ሰው «አበቃለት» ማለት ነው። ስለዚህ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ የመተንፈሻ ቱቦው ወጣለት ሲባል ቤቱ እልል ይላል። ስልኩ ከአዲስ አበባ አዘዞ፣ ከአዘዞ ደባርቅ ይደወላል። ቱቦው ተመልሶ ሊገባ እንደሚችል ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚነግራቸው የለም።

ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ቱቦውን መልሶ ማስገባት ካስፈለገ «ማውጣቱ አልተሳካም» ይላሉ። በሌላው ዓለም በወጡ ጥናቶች ከ100 የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ልጆች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ይህ ይገጥማቸዋል። ጨቅላዎች ላይ ይብሳል።

ነገሩ የሳንባ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ማሽኑ አየር ሲገፋ ደም የሚረጨውን የግራ ልብም ያግዛል። ቱቦው ሲወጣ ያ እገዛ ድንገት ይቀራል፤ ገና የተሰፋ ልብ ሸክሙን ብቻውን ይቀበላል። ሌላም አለ። ድያፍራምን፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለውን ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚያዝዘው ነርቭ የሚያልፈው ልብን ታክኮ ነው። በቀዶ ሕክምናው ከተጎዳ የድያፍራሙ አንድ ጎን አይሠራም። ማሽኑ አየሩን እየገፋለት ሳለ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ቱቦው በወጣ በሰዓታት ውስጥ ግን አፍንጫው ይርገበገባል፣ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የድምፅ አውታሩ ነርቭ የተነካ ልጅ ደግሞ ለቅሶው ይሻክራል፣ ሲጠባ ትን ይለዋል።

አሁን ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚገምት ሶፍትዌር እየተሠራ ነው። ዕድሜውን፣ ክብደቱን፣ በማሽን የቆየበትን ሰዓት፣ የደም ምርመራውን ታስገባለህ፤ «ይህ ልጅ ያሰጋል» ወይም «አውጣ» ይልሃል። አልቃወምም። ጥያቄዬ ሒሳቡን የተማረው ከማን ልጆች ነው የሚል ነው።

በ1991 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች የወጣ አንድ መለኪያ አለ። በደቂቃ የሚተነፈሰው ብዛት በአንዱ ትንፋሽ ለሚገባው አየር በሊትር ይካፈላል። ውጤቱ ከ105 ከበለጠ «ቆይ፣ ገና ነው» ማለት ነው። እስቲ 3 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሕፃን ላይ እንሞክረው። በደቂቃ 40 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በአንዱ ትንፋሽ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ይስባል። መልሱ 2000 ይመጣል! በዚህ ሒሳብ የትኛውም ጨቅላ ከማሽን አይወርድም። ለልጆች በክብደት ተስተካክሎም ቢሆን ብቻውን የሚታመን መለኪያ አልሆነም።

የእኛ ልጆች ልዩነት ደግሞ ከዕድሜም ያልፋል። ሀብታም አገር ልቡ ላይ ቀዳዳ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ በሕፃንነቱ ይታከማል። የእኛው ወረፋ ሲጠብቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ የሳንባ ደም ሥሮቹ ግፊት እስከዚያ ይጨምራል፤ ክብደቱም የዕድሜውን አይሆንም። የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቩ የተበላሸበት ልጅ እዚያ ብርቅ ነው፤ እዚህ ግን ሞልቷል። እነዚህን ልጆች አይቶ የማያውቅ ሶፍትዌር ምን ብሎ ይገምታል?

ለዚህ ነው መጀመሪያ መዝገብ የምለው። ቱቦው ስንት ሰዓት ወጣ፣ ተመልሶ ገባ ወይ፣ ለምን? ሌሊቱን አልጋው አጠገብ ያደረችው ሲስተር ያየችውም ይጻፍ፤ አክታው ስንቴ ተመጠጠ፣ ሳሉ ጉልበት አለው ወይ። ይህ ሁሉ በፈረቃ ርክክብ በቃል ይነገራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከውጭ ለአጭር ጊዜ የሚመጡ የቀዶ ሐኪሞች ቡድኖች ሲመለሱ፣ ቱቦው ተመልሶ የገባበት ልጅ የሚቀረው እዚሁ ካሉት ባለሙያዎች ጋር ነው። መዝገቡም የእነሱ ነው መሆን ያለበት።

አንድ ነገር ግን ልጠንቀቅ። መዝገቡ ለወቀሳ ከዋለ ሁሉም ቱቦ ማውጣት ይፈራል። «አንድም ልጅ ላይ ቱቦው ተመልሶ አልገባም» የሚል ክፍል አያስደንቀኝም፤ ልጆቹን ከሚገባው በላይ አቆይቶ ይሆናል። ቱቦው በቆየ ቁጥር የሳንባ ምች ያሰጋል፣ ማደንዘዣው ይረዝማል፣ ወረፋ የሚጠብቀው ልጅ አልጋ ያጣል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ትልቅ እፎይታ ነበር። ወረፋው ግን ዛሬም ሺዎችን ይዟል።

ጎንደር እዚህ ላይ ምን ያገባታል የሚል ካለ፣ በጣም ያገባታል። ግምቱ የሚጀምረው የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ (አይሲዩ) ሳይሆን የሪፈር ወረቀቱ ላይ ነው። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ወረቀቱን በደንብ መሙላት አያቅታትም። ልጁ ስንቴ የሳንባ ምች ታሞ ተኛ? ዳውን ሲንድረም አለበት? ሲተኛ ያንኮራፋል? ከዚህ በፊት ቱቦ ገብቶለት ያውቃል? ባለፉት ወራት ክብደቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? እናትየው ሁሉንም ታውቃለች። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን የበሽታው ስምና «ለተሻለ ሕክምና» የምትለው ሐረግ ናት።