ጅራቱን ቆላልኝ!

ከአገር ቤት ይዘነው ከመጣነው መልካም ጠባይ ሁሉ እንደ እንግዳ ተቀባይነታችን የሚያኮራኝ የለም። ይህ ጠባያችን ለሰው ብቻ የተወሰነ ይመስለኝ ነበር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወዳጄ ለ9 ዓመት ልጁ ሌፐርድ ጌኮ የሚባለውን፣ በቢጫ ቆዳው ላይ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበትን እንሽላሊት በገዛለት ቅዳሜ ግን፣ ደግነታችን ደሙ ለቀዘቀዘ ፍጥረት እንኳ እንደሚተርፍ በዐይኔ አየሁ። ያየሁትን ሳልመሰክር ብቀር ንፉግነት ይሆንብኛል።

ሻጩ ለልጁ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጥቶት ነበር። ወረቀቱ እንስሳው አዲሱን ቤቱን እስኪለምድ ድረስ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት፣ ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት፣ ውኃው እየተቀየረ፣ ምግቡ እየቀረበ፣ በተረፈ በጸጥታ እንዲተው ይመክራል። ይህን የጻፈው ሰው ዘመድ አዝማድ የሌለው ምስኪን መሆን አለበት። ቤት ውስጥ አዲስ ነገር ገብቶ ጎረቤት ሳይጠራ ሁለት ሳምንት እንዴት ይታደራል? እርግጥ እኛም ልጅ ሲወለድ ዐይን እንዳያገኘው ሰግተን፣ ፊቱን በነጠላ ሸፍነን፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሞልቶ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከሰው ፊት እንሰውረዋለን። ጌኮው ግን ቡዳ የሚመኘው መልክ የለውም ተብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ የአራስ ቤት ወግ አላስፈለገውም። ከሱቅ በወጣ በሁለት ሰዓቱ ቡናው ተቆልቶ፣ ዕጣኑ ከመስታወት ሳጥኑ አጠገብ እየተትጎለጎለ፣ አሥራ አንድ ሰው ከብቦት ነበር።

ለተመልካቹ ምቾት የተደረገው ጥንቃቄ በተለይ ሊመሰገን ይገባዋል። ወረቀቱ ሦስት መደበቂያ እንዲዘጋጅ ያዝዛል፤ አንዱ በሞቃቱ ጥግ፣ አንዱ በቀዝቃዛው፣ ሦስተኛው ደግሞ ቆዳውን በሚጥልበት ጊዜ እንዲረዳው ውስጡ እርጥብ ሆኖ። ሦስቱም ተገዝተው ነበር፤ ሦስቱም ተነሡ። ከተደበቀ አይታይማ! በአፍጋኒስታን፣ በፓኪስታንና በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅ ድንጋያማ ምድር ዘሩ ቀኑን ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ የሚያሳልፍና ሲመሽ ብቻ ብቅ የሚል ይህ ፍጥረት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሁለት አምፖል ሥር፣ መግቢያ ቀዳዳ አጥቶ በስልኮች መብራት ፊት ቆመ። የአፉ ጫፍ ከተፈጥሮው ወደ ላይ የተቆለመመ ነውና «ሲስቅልን አያችሁ!» ተባለ።

ልጁ ወረቀቱን አንብቦት ኖሮ፣ «እትዬ፣ ገና ነው፤ እባክዎን አይንኩት» አለ። እናቱ ወዲያው «ነውር ነው! እንግዳ እንዲህ አይባልም» ብላ ጸጥ አሰኘችው። እትዬም እጃቸውን እንደ ጭልፊት ከላይ ወደ ታች ሰደዱ። ጌኮው ጅራቱን ከፍ አደረገና ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በዝግታ ያወዛውዘው ጀመር። «ውይ የኔ ቆንጆ! ጅራቱን ቆላልኝ!» አሉ እትዬ፣ ዐይናቸው እንባ እስኪያቀር ድረስ ደስ ብሏቸው። የጌኮን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች ይህ የጅራት ውዝዋዜ የፍርሃት ምልክት ነው፣ ሊበላኝ የመጣው ጭንቅላቴን ትቶ ጅራቴን ይያዝ የሚል የመጨረሻ ብልሃት ነው ይላሉ። እኛ ግን ከውሻ ቋንቋ ወደ ጌኮ ቋንቋ ያለ አስተርጓሚ የተሻገርን ሕዝብ ስለሆንን ፍቅር መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብንም።

ጌኮው ከእትዬ ወደ ጋሼ፣ ከጋሼ ወደ አንዲት ፎቶ ወዳድ ወጣት ተሻገረ፤ በሦስተኛው እጅ ላይ ሳለም ጅራቱ ከገላው ተነጥሎ ፈንዲሻው ሳህን ላይ ወደቀ። እዚያም፣ በነጩ ፈንዲሻ መካከል፣ ባለቤቱን ትቶ ለብቻው ሲፈራገጥ ቆየ። ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ ስላልነበረ እሱም ያለውን አበረከተ ማለት ነው። ያለውን ስል ያጋነንሁ እንዳይመስላችሁ፤ ጅራቱ ለጌኮ ጎተራው ነው፤ በጥጋብ ጊዜ ስቡን ያጠራቅምበታል፣ በረኃብ ጊዜ ከዚያ እያወጣ ይኖራል። ተመልሶ ይበቅላል፤ ሁለተኛው ጅራት ግን አጭርና እንደ ሽንኩርት ድቡልቡል ይሆናል እንጂ የፊተኛውን አይመስልም። ጅራቱ በናፕኪን ተጠርጎ ከተነሣ በኋላ ፈንዲሻው መዞሩን ቀጠለ። ጌኮ ጤነኛ መስሎ ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያውክ ባክቴሪያ ሊሸከም ስለሚችል የነካው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ የምትለዋን መስመር ያነበበው ልጁ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ዝም እንዲል ተነግሮታል።

ጌኮው በማግስቱ አልበላም። በሦስተኛውም ቀን አልበላም። አዲስ ቤት የገባ ጌኮ ለጥቂት ቀናት ምግብ መተዉ የተለመደ ነው፤ ባለ ጅራቱ የሚታገሠውም ጎተራውን ተማምኖ ነው። ነገር ግን ቤታችን ገብቶ አልበላም ያለ እንግዳ ዝም ተብሎ አያውቅምና «በሞቴ» ተጀመረ። ሕይወት ያለውና የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ካልሆነ ዞር ብሎ ለማያይ፣ ቅጠላ ቅጠል ለማይፈጭ ሆድ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ሽሮ ቀረበለት፤ ቀጥሎ የተቀቀለ እንቁላል። አንድ ዘመዳቸው በስልክ «ምናልባት ጾመኛ ይሆናል» ብለው አጽናኑ። በመጨረሻ ሃያ ፌንጣ በአንድ ምሽት ተለቀቀለት። ፌንጣው በሁለቱ ዐይኖቹ መካከል ካለው ስፋት የማይበልጥ፣ በካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰ፣ ጥቂት ብቻ ይሁን፤ ያልተበላውም ይውጣ የሚለው ምክር የስስታም ምክር ነው። በእኛ ቤት ለእንግዳ ተቆጥሮ አይቀርብም። ሌሊቱን ማን ማንን ሲነክስ እንዳደረ ከጌኮው እግር ላይ ይታይ ነበር።

ስለ ሙቀቱ ብዙ አልልም። «የበረሃ ልጅ ነው» ተብሎ የሚውጠውና አንጀቱን የሚደፍነው አሸዋ በከረጢት ፈሰሰለት፤ አምፖሎቹም ሌት ተቀን በሩ። ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሞቅ ጥግና ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ጥግ ኖሮት ራሱ እንዲመርጥ፣ ማሞቂያውም ሙቀቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ፣ በቴርሞስታት፣ እንዲገታ የሚለው ሐሳብ ለእንግዳ ሥራ መስጠት ስለሚመስል ተትቷል። ወዳጄ ስሌቱን ሲነግረኝ ሁሉንም ደምሮ ነበር። በደንብ የተያዘ ጌኮ 15 ዓመት፣ አንዳንዱም 20 ዓመት እንደሚኖር ሰምቶ፣ «ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እኔ ልጦረው ነው?» ብሎ ደነገጠ። እኔ እንኳ በዚህ አያያዝ ያን ያህል እንዳይጨነቅ አጽናናሁት።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። ቤተሰቡ መክሮ የበሽታውን ምክንያት አግኝቷል፤ ብቸኝነት ነው። ሰው አገር ብቻውን ተቀምጦ ማን ይበላል? ስለዚህ ሁለተኛ ጌኮ ተገዝቷል፤ እንደ ፊተኛው ወንድ ነው፣ እንዲግባቡ ተብሎ። ሁለት ወንዶች በአንድ ሳጥን ውስጥ እስኪቋሰሉ እንደሚጣሉ ልጁ ከወረቀቱ ላይ አንብቦ ሊናገር ሲል «ወንድማማች ይጣላል፣ ይታረቃል» ተብሏል። አዲሱ ጅራቱ ሙሉ ነው። ቅዳሜ ተጠርተናል፤ እትዬም ይመጣሉ፤ ቡናው የሚፈላው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።