ጾመኛ ነኝ፣ ሽሮ ብቻ ነው የቀመስኩት

አሜሪካ ሐኪም ቤት ከሚገባው ያገራችን ሰው ሁሉ እድለኛው እንግሊዝኛ ጨርሶ የማያውቀው ነው። አፉን ስለማይከፍት ወዲያው አስተርጓሚ ይጠሩለታል። አንደበቱ የተፈታለትም አይቸገርም። መከራው ያለው መሀል ላይ ነው፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ አሥራ አምስት ዓመት ታክሲ የነዳ፣ ከተሳፋሪ ጋር ስለ አየሩና ስለ መንገዱ ሲያወጋ የኖረ፣ ፀሐፊዋ «አስተርጓሚ ላምጣልዎት?» ስትለው የሰደበችው የሚመስለው «ትንሽ ትንሽ እችላለሁ» ባይ ዘንድ። የአየሩ እንግሊዝኛ ሐሞት ከረጢት ላይ ሲደርስ ነዳጁ ያልቃል።

አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ የፌዴራል ገንዘብ የሚነካ ሐኪም ቤት፣ ሜዲኬይድ የተባለውን የድሃ የመንግሥት ኢንሹራንስ የሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የ2010ሩ የጤና ሕግ ደግሞ አጠበቀው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የተነሳ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህን ሁሉ ለመጠቀም የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ሦስት ቃል ነው፦ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ»። ቀጠሮ ሲያዝ በስልክ ቢባል ደግሞ ይመረጣል፤ በዕለቱ ከተባለ ሐኪሙ ከተመደበለት ሃያ ደቂቃ ላይ አምስቱ መስመር በመጠበቅ ይበላል።

ብዙ እናቶች ግን አስተርጓሚያቸውን ከቤት ይዘው ይመጣሉ፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። እናት ትጀምራለች፦ «ከወገቤ ይነሳና በጎኔ ዞሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሌሊት ይብስብኛል፣ ሽንቴንም ያቃጥለኛል፣ ሌላም አለ፣ ለልጅ አይነገርም እንጂ…»። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ጀርባዋን ያማታል» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋዋል። የኩላሊት ጠጠሩ የጡንቻ መሸማቀቅ ሆኖ ቅባት ታዞለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። የፌዴራሉ ደንብ ለነፍስ የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም አይፈቅድም። ምክንያቱ የልጁ አማርኛ ድክመት ብቻ አይደለም፤ እናት ልጇ ፊት የማትናገረው ነገር ብዙ ጊዜ በሽታው ራሱ ነው።

በስልክ የሚመጣው ባለሙያም የራሱ ቲያትር አለው። መጀመሪያ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ይናገራል። ቀጥሎ የሙያው ደንብ ስለሚያስገድደው ልክ ሐኪሙን ሆኖ ያወራል፦ «አሁን ሆድዎን ልዳስስ ነው» ሲል አባባ ይደነግጣሉ፤ «አንተ ስልክ ውስጥ ሆነህ በየት በኩል?» አንዳንዷ ደግሞ ድምፁ ደስ ይላትና «የማን ልጅ ነህ የኔ ጌታ? አገርህ ወዴት ነው?» ትላለች። አስተርጓሚው የሰማውን ሁሉ የመተርጎም ግዴታ ስላለበት ለሐኪሙ ያደርሰዋል። ከኦሃዮ የመጣው ሐኪም አገሩን ይናገራል። ጨዋታው ደራ።

አማርኛ ለሕመም ግሥ አልሰሰተም። ጥርስ ይጠዘጥዛል፣ ጎን ይወጋል፣ ጉልበት ይቆረጥማል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጨጓራ ያቃጥላል፣ ክንድ ይነዝራል፣ ጣት ይደነዝዛል። የምርመራ ክፍሉ በር ሲዘጋ ግን ይህ ሁሉ ሀብት ተወርሶ አንዲት «ፔይን» ብቻ ትቀራለች፤ ሲብስ «ቬሪ ፔይን»። ሐኪሙ የሚፈልገው ደግሞ ግሡን ነው። ትንፋሽ ሲሳብ የሚወጋ ደረትና ድንጋይ እንደተጫነበት የሚከብድ ደረት የሚላኩት ወደተለያየ ምርመራ ነው። ስለዚህ የሚጠዘጥዘውን ትሮቢንግ፣ የሚወጋውን ሻርፕ፣ የሚቆረጥመውን ኤኪንግ፣ የሚቆርጠውን ክራምፒንግ፣ የሚያቃጥለውን በርኒንግ፣ የሚነዝረውን ቲንግሊንግ፣ የደነዘዘውን ነም ብሎ ለይቶ መሄድ ያዋጣል። ሰባት ቃል ነው፤ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና የተሸመደደው ከዚህ ይበልጣል። መቼ ጀመረ፣ ወዴት ይዞራል፣ ምን ያብሰዋል፣ ምን ያስታግሰዋል የሚሉት አራት መልሶች ከተጨመሩ ሐኪሙ ግማሽ ሥራው ተሠርቶለታል።

ነርሷ ግን ቃል አትፈልግም፤ ቁጥር ነው የምትፈልገው። «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» እዚህ ላይ ይሉኝታ ይገባል። ሰውዬው «እንዴት ነዎት?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ ቀድሞ ተፈርዶበታል፤ አሁን ዘጠኝ ቢል ሊያሳፍር ነው። «ሦስት» ይላል፤ ወለሉን በላብ እያራሰ። ሦስት የተባለ ሰው ደግሞ ተራው ሲደርስ ይታያል፤ አጠገቡ ያለው ጣቱን ቢላ የጫረው ወጣት «አሥር» ብሎ ቀድሞት ይገባል። ዜሮ ምንም የለም ነው። አራት ላይ ሥራ ይሠራል፣ ሐሳብ ግን ይሰረቃል። ሰባት እንቅልፍ ይነሳል። አሥር የሆነበት ሰው ቁጥር አይቆጥርም። በዚህ መለኪያ ላይ ትሕትና ዋጋ ያስከፍላል፤ ሃያ የሚሉም አሉ፣ እነሱን ማንም አያምናቸውም።

ልብ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከርራል። ያበሻ ልብ ሰፊ አገር ነው፦ ያዝናል፣ ይመኛል፣ ምሳ ከበረበረም ያቃጥላል። ማታ ክትፎ የበላው ጎረምሳ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ «ማይ ኸርት ኢዝ በርኒንግ» ሲል በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የልብ ኤሌክትሪክ ይነሳል፤ መመሪያው እንደዚያ ነው። የልብ ጉዳት ለሚያሳየው ለትሮፖኒን ምርመራ ደም ይቀዳል፣ ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። ሰውዬው ግን የያዘው ቃር ነው። ቃር በእንግሊዝኛ ኸርትበርን ነው፤ ሁለቱ ቃላት ከተጣበቁ አንድ ኪኒን፣ ከተለያዩ አምቡላንስ። የሚያስፈራው ግን ተቃራኒው ነው፦ ደረቱ ላይ ጭነት የተቀመጠበት፣ ሕመሙ ወደ ክንዱና ወደ መንጋጋው የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ያሰመጠው ሰው «ጋስትሪክ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ተልባ ይጠጣል። እዚያ ጋ ቃላት መምረጥ አያስፈልግም፤ 911 ደውሎ «ቼስት ፔይን» ብቻ ይበቃል፤ «አምሃሪክ» ካሉ 911ም አስተርጓሚ ያስገባል።

ጋስትሪክ ራሱ አዲስ አበባ ላይ የበሽታ ስም ነው፤ አሜሪካ ላይ ግን ቅጽል ስለሆነ «ጋስትሪክ አለብኝ» የሚለውን የሰማ ሐኪም ቀሪውን ቃል ይጠብቃል። ቀሪው ቃል አይመጣም። ወይ ጋስትራይቲስ (የጨጓራ ብግነት)፣ ወይ አሲድ ሪፍለክስ (አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ)፣ ካልሆነም የላይኛውን ሆድ በጣት ማሳየት ነው። ከዚያ ኤች ፓይሎሪ ለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የትንፋሽ ወይም የሰገራ ምርመራ ይታዘዛል። ለዚህ ምርመራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ አራት ሳምንት አስቀድሞ መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲባል ታዲያ መልሱ «ኖ» ነው። በአክስት ሻንጣ ከአዲስ አበባ የመጣው ኦሜፕራዞል ያክስት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ጥቁር አዝሙዱም፣ ፌጦውም፣ ዳማከሴውም እንደዚሁ። ውጤቱ ንጹሕ ተብሎ ይመጣል፣ ጨጓራው ግን አሁንም ይነዳል፤ ጥፋተኛ የሚሆነው ሐኪሙ ነው።

ብርድ ደግሞ ቪዛ ያላገኘ በሽታ ነው። «ብርድ መታኝ» ተተርጉሞ «ኮልድ» ሲሆን ሐኪሟ ጉንፋን መስሏት አፍንጫና ጉሮሮ በመብራት ታያለች፤ ታማሚዋ ጀርባዋን ይዛ «እዚህ ነው እኮ የገባብኝ» ትላለች። ምችም ያው ነው። ማን መታኝ ብሎ ከመክሰስ ይልቅ የሚታየውን መናገር ይሻላል፦ ከንፈሬ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጣ፣ ጠዋት ስነሳ ወገቤ ለግማሽ ሰዓት አይታጠፍም። ይህንን የማይረዳ ሐኪም የለም።

ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «አዎ» ሳትነሳ አትታለፍም። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እማማ ህእ ይላሉ። ደግሞ ይጠይቃል፣ ደግሞ ህእ። በሦስተኛው ላይ ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ መቆንጠጫ ይገባል። ዘጠና ስምንት። ሐኪሙ መሣሪያውን ይጠራጠራል።

ከሁሉ የከፋችው ቃል ግን «ፋስቲንግ» ናት፤ ምክንያቱም የምናውቃት ይመስለናል። የስኳርና የስብ ምርመራ ሲታዘዝ ወረቀቱ ላይ ተጽፋ ትመጣለች፤ እንደ ምርመራው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ከውኃ በስተቀር ምንም ወደ አፍ አይገባም ማለት ነው። የእኛ ሰው መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን ጾም ማለት ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ገበታ ነው። ላብራቶሪው ሲጠይቃቸው እማማ ኮራ ብለው «የስ፣ ፋስቲንግ» ይላሉ፤ አልዋሹም፣ ሁዳዴ ነው። ጠዋት የቀመሱት በዘይት የተሠራ ሽሮ በሁለት እንጀራ፣ ከላዩ ስኳር የበዛበት ቡና ነው፤ ወተት ጠብ አላለበትም። ደሙ ሲመረመር ስኳሩ 168 ይላል። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤነኛ፣ ከ100 እስከ 125 ድንበር ላይ፣ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደገም ስኳር በሽታ ነው የሚባለው። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ስለ ስኳር በሽታ ያስተምራል፣ እማማ ይደነግጣሉ፣ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽሮው ግን በምስክርነት አይቀርብም። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ የምሽት ራት ተበልቶ፣ ተተኝቶ፣ ጠዋት ውኃ ብቻ። ቡና፣ ጥቁርም ቢሆን፣ ከደም ምርመራው በኋላ። የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ደግሞ ጾም አይጠይቅም፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው ስኳር የሚባለው። እውነተኛው ጾምም ለሐኪሙ መነገር አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን የሚውል ሰው «ጠዋት ከምግብ ጋር» የተባለውን የስኳር ኪኒን ወይ ይዘለዋል ወይ በባዶ ሆድ ይውጠዋል፤ ሁለተኛው፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት፣ ስኳሩን አውርዶ ቅዳሴ መሀል ሊዘርረው ይችላል። አስቀድሞ ከተነገረው ሐኪሙ ሰዓቱን ይቀይረዋል።

ቅጹ ላይ «አለርጂ አለብዎት?» የሚልም አለ። አሞክሳሲሊን አንዴ ያቅለሸለሸው ሁሉ «የስ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ፔኒሲሊን የሚባል ዘር ሁሉ ዕድሜ ልኩን ይታገድበታል። ማቅለሽለሽ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። አለርጂ ማለት ሰውነት ሽፍ ሲል፣ ፊት ወይም ምላስ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ነው።

ፋርማሲ ውስጥ ፓራሲታሞል ብሎ የጠየቀ ባዶ እጁን ይወጣል፤ እዚያ ስሙ አሲታሚኖፌን ነው፣ ሕዝቡ ታይለኖል ይለዋል። አደጋው ስሙን ከማወቅ በኋላ ነው የሚመጣው። ባለ 500 ሚሊግራም ታይለኖል ሁለት ሁለት እየዋጠ፣ ለጉንፋኑ ዴይኩዊል፣ ለሌሊቱ ናይኩዊል፣ ከአገር ቤት የመጣውንም ፓራሲታሞል ለ«ማጠናከሪያ» የሚጨምር ሰው አራት መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል፤ የወሰደው አንዱን አራት ጊዜ ነው። ለጤነኛ አዋቂ የቀን ጣሪያው 4,000 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጉበት ይጎዳል፣ ጉበት ደግሞ ሲጎዳ በመጀመሪያው ቀን አይጮህም። ዕቃው ላይ «አዝ ኒድድ» የሚል ካለ ሲያም ብቻ ማለት ነው፤ ካላመመ መዋጥ ግዴታ የለም። ከአንቲባዮቲክ ጋር ግን ይህ አይሠራም፤ እሱን በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ቀሪውን ለወንድም ማስቀመጥ የተለመደ ደግነት ነው፣ ወንድምየውም የያዘው ቫይረስ ነው።

ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ፖስታ ይመጣል። አንደኛው ላይ በትልቁ «ዚስ ኢዝ ኖት ኤ ቢል» ተጽፏል፤ ከኢንሹራንሱ የመጣ መግለጫ እንጂ ክፍያ አይደለም። ትንሽ ትንሽ የሚችለው ሰውዬ ታዲያ «ቢል» የምትለዋን ብቻ ያነብና ደንግጦ ቼክ ይጽፋል፤ እውነተኛው ቢል ሲመጣ ደግሞ «ከፍያለሁ» ብሎ ይቀደዋል። ኮፔይ በር ላይ የሚከፈል ቁርጥ ገንዘብ ነው፤ ዲደክተብል ኢንሹራንሱ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት በዓመት ከራስ ኪስ የሚወጣው ነው። በጥር የታከመና በታኅሣሥ የታከመ ሰው ለአንድ ዓይነት ሕክምና የተለያየ የሚከፍሉት በዚህ ነው። ቢሉ ካበጠ «አይተማይዝድ ቢል» ብሎ ዝርዝሩን ማስመጣት፣ ያልተደረገ ምርመራ ካለበት መከራከር፤ ካልተቻለም «ፋይናንሻል አሲስታንስ» ብሎ ፎርም መጠየቅ ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ይህን ድጎማ የማዘጋጀት ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፣ ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ የገባ ማመልከቻም ሊቀበሉ ይገደዳሉ። ለሂሳብ ክፍሉ ሲደወልም ያችው ሦስት ቃል ትሠራለች፣ በነፃ፤ ከሆስፒታሉ ዋጋ ያልተለጠፈበት ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።