ዋቱን ተዉትና ክዳኑን አምጡልኝ

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ቤቶቿ በአብዛኛው ከብሎኬትና ከሲሚንቶ የተሠሩ፣ የክፍል ማሞቂያም ከጥቂት ቤቶች በስተቀር የማይታወቅባት ከተማ መሆኗን የማያውቅ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። እንዲያም ሆኖ የዓሣ ሻጮቻችን የሞቃት ውኃ ዓሣ ሊገዛ የመጣውን ሰው ቤቱ ይቀዘቅዝ እንደሆነ፣ ገንዳውም ክዳን ይኑረው አይኑረው ሳይጠይቁ፣ ድሬዳዋ የሚኖር ይመስል አንጀልፊሾቹን በላስቲክ ቋጥረው ይሸኙታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ገብተው የሌሊቱ ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ዓሦቹ ምግብ ይተዋሉ፣ ክንፋቸውን አጣጥፈው ጥግ ይይዛሉ፣ ከዚያም ጨው የተነሰነሰባቸው የሚያስመስል ነጭ ነጠብጣብ ሰውነታቸው ላይ ይወጣል። ገዢው ተመልሶ ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ የሂተርህ (የውኃ ማሞቂያህ) ዋት አንሶ ነው፤ ከፍ ያለውን ውሰድ።»

ብሶቴ ከዚህ መልስ ይጀምራል። የእኔ ገንዳ አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለውና ወደ 400 ሊትር ውኃ የሚይዝ ነው። ውኃው 25 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ እፈልጋለሁ፤ ክፍሉ ደግሞ ሊነጋጋ ሲል 15 ዲግሪ ይሆናል። በእነዚህ 10 ዲግሪዎች ልዩነት ምክንያት ሙቀት በመስታወቱና በውኃው ገጽ በኩል ያለማቋረጥ ያመልጣል፤ ሂተሩ የሚበላው መብራትም ካመለጠው ሙቀት ጋር እኩል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስምም። ባለ 500 ዋቱ ሂተር የጎደለውን ቶሎ ሞልቶ ይጠፋል፤ ባለ 300 ዋቱ ያንኑ መጠን ቀስ ብሎ ይሞላል። ስለዚህ ትልቅ ግዛ የሚለው ሻጭ ብቻ ሳይሆን፣ «መብራት እንዳይበላብህ ትንሽ ሂተር አድርግ» የሚለኝ ወዳጄም ጉዳዩን ስቶታል። ትንሹ ሂተር ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ሲሠራ አድሮ ውኃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ሊነጋ ይችላል፤ ይህን ቁጠባ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ሙቀቱ ከሚያመልጥባቸው መንገዶች ሁሉ ዋነኛው ማንም የማያነሳው ክዳን አልባው የውኃ ገጽ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከገንዳ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት ወደ 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል፤ ይህ መጠን 400 ሊትሩን በሙሉ በአንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ለማሞቅ ይበቃ ነበር። የከተማችን የአየር ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ፣ የበጋው አየርም ደረቅ በመሆኑ ትነቱ ይብሳል። በየሳምንቱ የውኃው ልክ ሲወርድ እያየን በባልዲ ቀዝቃዛ ውኃ እየጨመርን ስንሞላ፣ የተነነውን ሙቀት መልሰን ከቆጣሪያችን ላይ እየገዛን እንደሆነ የሚነግረን ሰው የለም። ግድግዳው የሚሻግተውም ከዚሁ እንፋሎት የተነሣ ነው። ታዲያ መስታወት ቤት ሄጄ ክዳን ያለው ገንዳ እንዲሠሩልኝ ስጠይቅ «ክዳን ምን ያደርግልሃል? ክፍት ሲሆን እኮ ነው የሚያምረው» ተባልኩ። 4 ሚሊ ሜትር መስታወት ለሁለት ተከፍሎ፣ ለቱቦና ለሽቦ ማሳለፊያ እንዲሁም ለአየር መግቢያ ጥጉ ላይ ትንሽ ክፍተት ተትቶለት ቢቀመጥ ሥራው የአንድ ሰዓት ነው። ለሂተር ግን በየወሩ ደንበኛ ይገኛል፤ ክዳን የሚሸጠው አንዴ ብቻ ነው። ክፋት ነው አልልም፤ ግዴለሽነት ግን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መስታወቱ ነው። መስታወት ሲወፍር ሙቀት የሚይዝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የ10 ሚሊ ሜትር መስታወት ሙቀትን በማገድ ረገድ ከ6 ሚሊ ሜትሩ እምብዛም አይሻልም። የፍሪጅና የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ከተገኘ፣ በተለጠፈበት ገጽ በኩል የሚያመልጠውን ሙቀት ወደ አንድ አምስተኛ ያወርደዋል። የጀርባውን፣ የሁለቱን ጎኖችና የታችኛውን ገጽ በፎም ከሸፈንን (የታችኛው ገንዳው ከመሞላቱ በፊት መቀመጥ አለበት፤ ግማሽ ቶን የሚመዝን ነገር ኋላ አይነሣምና) ክፍት የሚቀረው የፊቱ ብቻ ነው፤ እርሱንም ሌሊት ሸፍኖ ጠዋት ማንሳት ይቻላል። እናቴ ግን ይህን ስታይ «ልጄ፣ እንግዳ በሚገባበት ሳሎን ውስጥ የፍሪጅ ማሸጊያ ትለጥፋለህ?» አለችኝ። እውነት ለመናገር ፎሙ አያምርም። ጥቁር ወረቀት ካለበሱት ግን ከፊት ለፊት የሚታየው ጥቁር ጀርባ ብቻ ነው፤ የዓሣውም ቀለም በጥቁር ላይ ይበልጥ ይደምቃል።

የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር በቤታችን የሚነሣውን ክርክርም ልንገራችሁ። ወገኑ ሁሉ ጥፋቱን ለምጣዱ ይሰጣል፤ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛልና ለዓይን ይታያል። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር ወደ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ክዳንና ፎም የሌለው የእኔን የሚያህል ገንዳ ግን በእኔ ግምት በአማካይ 250 ዋት ያህል ሙቀት እያጣ ያድራል፣ ይውላል፤ ይህ በወር ሲደመር 180 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ያውም ድምፅ ሳያሰማ፣ አምፖልም ሳያደበዝዝ። ክዳኑና ፎሙ ሲገባለት ወደ 100 ዋት ይወርዳል፤ ያኔ ከምጣዱ ጋር ይቀራረባል። የቤት ታሪፉ በእርከን የሚያድግ፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም የሚወጣ ስለሆነ የተረፈው ቀላል አይደለም። የውኃውን ሙቀት ከ27 ወደ 24 ዲግሪ ማውረድም፣ ክፍሉ 15 ዲግሪ ከሆነ፣ ከፍጆታው ሩቡን ይቀንሳል፤ ዲስከስ የሚባለውን ሙቀት ወዳድ ዓሣ ለሚያረባ ሰው ይህ አይሆንም፣ ለአብዛኛው ዓሣ ግን 24 በቂ ነው። ወርቃማውን ጎልድፊሽ የሚያረባማ ከነጭራሹ ሂተር አያስፈልገውም፤ ይህንንም ሻጮቹ አስቀድመው ቢነግሩን ስንቱ ከዚህ ሁሉ ጣጣ በዳነ።

በምሽት ሰው ሁሉ ምድጃውን ሲለኩስ ቮልቴጁ የሚወርድበት ሰፈር የምትኖሩ ደግሞ ይህን ስሙ። ሂተር የሚሰጠው ሙቀት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ 300 ዋት ተብሎ የተሸጠላችሁ ሂተር የሚሰጠው 200 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ያውም ብርዱ በሚጀምርበት ሰዓት። ዋት መጨመር ተገቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እርሱም ቢሆን በአንድ ትልቅ ሂተር ሳይሆን በሁለት ባለ 200 ዋት፣ አንዱ በዚህ ጫፍ ሌላው በዚያ ጫፍ፣ ከፊልተሩ የሚወጣው ውኃ በሚያገኛቸው ቦታ ተተክለው መሆን አለበት። የርካሽ ሂተር ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲደርስ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ) ተጣብቆ አልጠፋ ሲል አንዱ ብቻውን ዓሣውን ቶሎ አይቀቅልም፤ አንዱ ሲቃጠል ደግሞ ሌላው ሲሠራ ያድራል።

መብራት ሲጠፋም ልዩነቱ ግልጽ ነው። ያልተሸፈነው ገንዳ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ የተሸፈነው ግን አንድ ዲግሪ ከሩብ ያህል ብቻ ይወርዳል፤ ጋቢ ሲደረብበት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በዚያን ጊዜ ከሙቀቱ ይልቅ ኦክስጅኑ ነው የሚያስቸኩለው፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያስፈልጋል። በ60 ዲግሪ ውኃ የተሞላ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ማንሳፈፍ ይረዳል፤ ነገር ግን 400 ሊትሩን በአንድ ዲግሪ ለመጨመር ስድስት ያህል ሃይላንድ ይፈልጋል። «ከሰል አቀጣጥለህ አጠገቡ አስቀምጥ» የምትሉኝ ወዳጆቼ ግን እባካችሁ ተዉኝ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ከዓሣው በፊት ሰውን ይገድላል፤ የከሰል ምድጃ ሙቀትም በአየር በኩል አልፎ ያን ሁሉ ውኃ አያሞቅም።

ውኃ የምትቀይሩ ደግሞ ሮቶው ፀሐይ በመታው ከሰዓት በኋላ ቀይሩ፤ የጠዋቱን የ16 ዲግሪ ውኃ 100 ሊትር መጨመር ገንዳውን በአንድ ጊዜ ከሁለት ዲግሪ በላይ ያወርደዋል። ሂተሩንም አስቀድማችሁ ንቀሉት፤ ውኃው ወርዶ ሂተሩ ሲጋለጥ መስታወቱ ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን የምፈልገው ከማሸጊያ ካርቶን ያልተለቀመ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን የፎም ሰሌዳ በችርቻሮ የሚሸጥ ቤት ነው፤ ሕንፃ ሠሪዎች በጅምላ እንደሚወስዱት አውቃለሁ፣ ለአንድ ሰው ግን «አንድ ሰሌዳ አንሸጥም» እያሉ መልሰውኛል። ሁለት ሰሌዳ ለሚገዛ ሰው በሩን የሚከፍት ሻጭ የምታውቁ ሰፈሩን ጻፉልኝ። የሂተር ዋጋ ግን እባካችሁ አትላኩልኝ።