ሐኪሟ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?

ደሴ ውስጥ ታማችሁ የግል ክሊኒክ ብትሄዱ ምን እንደሚገኝባችሁ ሳትመረመሩ ልንገራችሁ? ታይፎይድ። ታይፎይድ ካልሆነ ታይፈስ። ሁለቱም ካልሆኑ ጨጓራ። እሱም ካልሆነ ጭንቀት። ከነዚህ አንዱን ሳይሸከም የወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ፤ ቡና እጋብዘዋለሁ።

ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ፣ ስለዚህ ታገሱኝ።

ከክረምቱ ጀምሮ ሰውነቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ተኝቼ እነሳለሁ፤ ድካሙም አብሮኝ ይነሳል። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው። ምግብ ቀንሻለሁ፣ ኪሎዬ ግን አልሰማም ብሎ ይጨምራል። ብርዱ ደግሞ ለብቻው ነው። የደሴ ብርድ ለደሴ ልጅ ብርቅ አይደለም፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ንፋስ ለምደን ነው ያደግነው። እኔ ግን ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ሰው በቲሸርት ላብ በላብ ሆኖ ሲሄድ፣ ሹራቤን አላወልቅም። ጓደኞቼ «አንቺ ልጅ ምን ነካሽ?» ማለት ጀምረዋል።

እናቴ እንቅርት ነበረባት፤ በኦፕራሲዮን ነው የወጣላት። አክስቴ እስከ ዛሬ አለባት። በእኛ ደጋ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዮዲን ሲያጥር ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ያብጣል። ጨው ውስጥ አዮዲን ይግባ የሚለው ደንብ የወጣው በ2003 ነው። እናቴና አክስቴ ያደጉት ከአፋር በመጣ ባዶ ጨው ነው። ደግሞ የታይሮይድ ችግር ከአዮዲን ውጭም በቤተሰብ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነው የሄድኩት። የታይሮይድ ምርመራ። ቲኤስኤች ይሉታል፤ ትንሽ ደም ነው የሚፈልገው። አንገታችን ላይ ያለው እጢ ሲሰንፍ፣ ከአንጎል ሥር ያለች ሌላ እጢ «ኧረ ሥራ!» እያለች ሆርሞን ትልክበታለች። ያ ሆርሞን ሲበዛ እጢው መዳከሙ ይታወቃል። በቃ። ሮኬት አላስወነጭፍ።

የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ፣ ካርድ አወጣሁ፣ ወረፋ ጠብቄ ገባሁ። ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። «ዶክተር፣ ድካም አለኝ...» ስል ብዕሩ ተነሳ። የላብራቶሪ ወረቀቱን ታውቁታላችሁ አይደል? ያ ትንንሽ ሳጥን ያለበት። ራይት፣ ራይት፣ ራይት። ዊዳል፣ ለታይፎይድ። ዌል ፌሊክስ፣ ለታይፈስ። ሰገራ። ሽንት። ኤች ፓይሎሪ፣ ለጨጓራ። ስለ ብርዱ አልነገርኩትም። ስለ ፀጉሬ አልነገርኩትም። ስለ እናቴ አልነገርኩትም። ወረቀቱ ግን አልቋል።

«ይቅርታ ዶክተር፣ የታይሮይድ ምርመራም ቢያዙልኝ? በቤተሰባችን እንቅርት ስላለ...»

አልጨረስኩም። ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ያየው።

«ማን ነገረሽ? ጎግል አንብበሽ ነው የመጣሽው?»

«አይ፣ እናቴ...»

«ሐኪሟ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

በሩ ገርበብ ብሏል። ቀጣዩ ታካሚ ጭንቅላቱን አስገብቶ ይሰማል። እኔ ምን ልበል? ፊቴ ጋለ። «አንገትሽ ላይ እብጠት የለም። ታይሮይድ የለብሽም። ትዳር ይዘሻል? አልያዝሽም? እንግዲህ ጭንቀት ይኖራል» አለኝ። አንገቴ ላይ እብጠት እንደሌለ በምን እንዳወቀ እሱና ፈጣሪው ይወቁ። እጁ አልነካኝም። ደግሞ ሻርፕ ጠምጥሜ ነበር።

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ምን መሰላችሁ? የቲኤስኤች ሳጥን እዚያው ወረቀት ላይ ነበረች። ከታች፣ በስተቀኝ። አንዲት ራይት ነው የቀራት።

ውጤት መጣ። ታይፎይድ! እንዴት ያለ ድንቅ ነው። ትኩሳት የለኝም፣ ቴርሞሜትር እንኳ አልገባልኝም፣ ግን ታይፎይድ። ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክና ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ተጽፎልኝ ወጣሁ።

እስቲ ስለዚህ ዊዳል ስለሚባል ነገር ትንሽ እናውራ፤ ሆዴ የተቃጠለው በሱም ነው። ምርመራው የወጣው በ1888 ዓ.ም. ነው። አዎ፣ በዓድዋ ዓመት። ጣይቱና ምኒልክ ጦር ሜዳ ውለው የተመለሱበት ዓመት። ያረጀ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ግን ታይፎይድ በሚመላለስበት አገር፣ ድሮ ታሞ የዳነም ሆነ የተከተበ ሰው ዊዳል ቢሠራ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ሌላ ኢንፌክሽንም ሊያሳስተው ይችላል። አንዴ ብቻ ተሠርቶ «ታይፎይድ አለብሽ» ለማለት እንደማይበቃ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይማሩታል። ደህናው ምርመራ ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚያየው የደም ካልቸር ነው። ይሄን ሁሉ እያወቁ፣ ማንም ያልጠየቃቸውን ዊዳል ሳይለመኑ ያዛሉ። የተለመኑትን ቲኤስኤች ግን «ማን ነገረሽ?»

ክፉ ላለማሰብ እሞክራለሁ። ግን ዊዳል እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ቲኤስኤች ደግሞ ክሊኒኩ አይሠራም፤ ናሙናው ወደ ሌላ ላብራቶሪ ነው የሚላከው። እኔ ምንም አላልኩም። እናንተ ደምሩት።

ጭንቀት የምትለዋን ግን ዝም ብዬ አላልፋትም። ከጦርነቱ ወዲህ ደሴ ውስጥ ምንም ብትታመሙ «ጭንቀት ነው» ማለት ቀላል ሆኗል። አልክድም። ጥቅምት 2014 ልጅና አሮጊት ይዘን ከተማውን ጥለን ስንወጣ የሆነውን ማን ይረሳል? ዛሬም በር በኃይል ሲዘጋ የምንደነግጥ ብዙ ነን። ግን የተጨነቀ ሰው ታይሮይድ አይታመምም ያለው ማነው? እንዲያውም ታይሮይድ ሲዛባ ራሱ ሰውን ይደብታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያስብሳል። ደግሞ እሺ፣ ጭንቀት ነው እንበል። ጭንቀትም እኮ በሽታ ነው፤ ባለሙያ አለው፣ ሕክምና አለው። ጭንቀት ነው ብለህ ሲፕሮ ትሰጣለህ እንዴ?

ወንድሜ ይሄን ስነግረው ሳቀ። «እኔ ጋ እንዲህ አይሉም» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ «ደረቴን ወጋኝ» ሲል ኢሲጂ፣ የልብ ምርመራ ነው የታዘዘለት። ማን አገባህ፣ ማን ፈታህ ያለው የለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ አሳደጉን። እሺ፣ አልደበቅንም። ስንናገርስ?

እናቴን ደግሞ ብታዩዋት። ሐኪም ጋ የምትሄድ ቀን ሠርግ የተጠራች ነው የምትመስለው። ገላዋን ታጥባ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሽቶ ነገር ነካ አድርጋ። ሌሊቱን ሙሉ «ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ ልቤን» ስትል አድራ፣ ዶክተሩ «እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» ሲላት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ» ትላለች። ኧረ እማዬ! ደህና ከሆንሽ ምን ልንሠራ መጣን? ከጎን ሆኜ «አይ ዶክተር፣ ሌሊት ልቧ ይመታል» ስል በክርኗ ትጎሽመኛለች። ቤት ገብተን ቡና ሲፈላ ነው በሽታው ሁሉ በዝርዝር የሚወጣው። ለጎረቤት። «ለምን ለዶክተሩ አልነገርሽውም?» ስላት «ስንት የባሰበት እየጠበቀ፣ እኔ ሐኪም አስቸግር?» ትለኛለች። ጎረቤታችንም «ወላሂ እውነቷን ነው፤ ሐኪም ከተቀየመሽ በማን ትድኛለሽ?» ብላ ታግዛታለች።

አክስቴ ደግሞ ከዚያም ትብሳለች። ተሁለደሬ ነው የምትኖረው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ሲጀመር በአማራ ክልል ለሙከራ ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የሷ ነው። የመድን ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ነው የምትይዘው። «ያንገትሽን ነገር ለምን እንዲያዩልሽ አትጠይቂም?» ስላት «በነፃ እየታከምኩ ምን አፍ አለኝ?» አለችኝ። ነፃ አይደለም እኮ! በየዓመቱ መዋጮዋን ቆጥራ ትከፍላለች። የራሷን ገንዘብ ከፍላ ምፅዋት የተቀበለች ይመስላታል። ማን እንዲህ እንድታስብ አደረጋት?

አንዳንዶቻችሁ አሁን «ሐኪሞቹም ተቸግረው ነው» ልትሉኝ ነው። አውቃለሁ። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ስለ ደሞዛቸው ሲጮኹ እኔም ሼር ሳደርግ ከረምኩ። ሰባት ዓመት የተማረ ሰው ቤት ኪራይ መክፈል ሲያቅተው ያሳፍራል። በጦርነቱ የከተማችን ሆስፒታል ሲዘረፍ ባዶ ክፍል ተረክበው ሥራ ያስጀመሩትም እነሱ ናቸው። ይሄን አልረሳም። በሩ ላይ ያለውን ወረፋም አየዋለሁ። ግን «ማን ነገረሽ?» ለማለት የፈጀበት ጊዜና «እናትሽ መቼ ታመመች?» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ እኩል ነው። ደሞዝ ዝቅ ማለቱ ሰው ፊት ማዋረድን አያዝም።

ምርመራ የጠየቀ ሁሉ ይታዘዝለት አላልኩም፤ እንዲህ ብላችሁ እንዳትተረጉሙብኝ። የሁሉም ሰው ፍላጎት ቢሟላ ጤነኛው ሁሉ ሲቲ ስካን ሥር ተጋድሞ ይውል ነበር። እምቢ በለኝ። ግን ለምን እንደሆነ ንገረኝ። ግድግዳው ላይ፣ ልክ ከጭንቅላቱ በላይ፣ «የታካሚዎች መብትና ግዴታ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቁጭ ብዬ ሳነበው ነበር። መረጃ የማግኘት መብት ይላል። ግዴታዋን ብቻ ነው እኔ ላይ የሚያስፈጽሙት።

ሌላ ጊዜ፣ ሲፕሮውን ጨርሼ ድካሙ ሲብስብኝ፣ እዚያው ተመለስኩ። አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ «ምርመራውን ያላዘዙበትን ምክንያት ካርድሽ ላይ ይጻፉልኝ በዪ» ሲል ሰምቼ ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ አልኩት። «ልትከሺኝ ነው?» አለና ሳቀ። ነርሷም ሳቀች። ያ ምክር የተጻፈው ለሌላ አገር ሰው መሆን አለበት። በራሴ ገንዘብ ላሠራ ብዬ ፒያሳ አንድ ላብራቶሪ ብሄድ ደግሞ «ማዘዣ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት «አብሽሪ ልጄ፣ ኮምቦልቻ አንዲት ሐኪም ልጅ አለች፤ ሰው ታዳምጣለች» አሉኝ።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማዘዣ ፍለጋ።

ልጅ ናት፣ ከኔ ታንሳለች። ስገባ በሩን ተነስታ ዘጋችው። እዚያው ግማሽ በሽታዬ ለቀቀኝ ብላችሁ እመኑኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሆድ ድርቀት፣ ስለ ወር አበባዬ ጠየቀችኝ። ሻርፑን አስወለቀችኝ። ከኋላዬ ቆማ ጣቶቿን አንገቴ ላይ አድርጋ «ውኃ ጎንጨት በዪና ዋጪ» አለችኝ። ለካ እጢው ሲዋጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሱን ነው የምትዳስሰው።

እኔ ያን ጊዜ ብሼቄ ረጅም ዝርዝር ነበር ይዤ የሄድኩት። ቲኤስኤች፣ የአንገት አልትራሳውንድ፣ ቫይታሚን ዲ፣ ሙሉ ቼክአፕ። አነበበችው። አልሳቀችም። «ቲኤስኤች እስማማለሁ። ደም ማነስም ድካም ስለሚያመጣ የደም ሴል ቆጠራ፣ ሲቢሲ እጨምራለሁ። አልትራሳውንዱ አሁን አያስፈልግሽም፤ ዳስሼዋለሁ፣ እብጠት የለም። መጀመሪያ ደሙን እንየው። ሌላውን ገንዘብሽን ያዢው» አለችኝ። ከጠየቅኩት አብዛኛውን እምቢ ብላኝ ነው ደስ ብሎኝ የወጣሁት! «ታይሮይድ ከሆነም አትደንግጪ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚዋጥ ኪኒን አለው። ቡናውን ግን ትንሽ ቆይተሽ ነው የምትጠጪው» ስትል ብቻ ነው ትንሽ የከፋኝ። የወሎ ሰው ጠዋት ቡና ቆይተህ ሲሉት ሌላ ቅጣት ነው።

ውጤቱ ምን አለ ለምትሉኝ፣ ሆን ብዬ አልጽፍም። ታይሮይድ ነው ብል «ይኸው ልክ ነበርሽ» ልትሉኝ ነው። አይደለም ብል «ዶክተሩ አውቆ ነው» ትላላችሁ። እሱ ግን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ አላየኝማ።

የልጅቷን ስም በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ፣ አልሰጥም። ፈቃድ አልጠየቅኳትም፣ አንድ። ሁለት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናቴን ይዣት እወርዳለሁ። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብላ እስክትጨርስ ድረስ ወረፋው ረጅም ነው የሚሆነው።