ስልክ ሲጠፋ አምቡላንስም ይጠፋል

ስልክና ኢንተርኔት ስለ ማቋረጥ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የሚያነሳው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ የሆነውን ነው። የባቡር ድርጅቱ ተቃውሞ እንዳይካሄድ ብሎ በምድር ውስጥ ጣቢያዎቹ የሞባይል ኔትወርክ አጠፋ። ለሦስት ሰዓት ገደማ ብቻ! ያም ሆኖ ቁጣው ከባድ ነበር፤ በዚያው ዓመት ድርጅቱ አገልግሎት የሚቋረጥበትን ሁኔታ የሚገድብ መመሪያ አወጣ።

እኔ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። እዚህ ጎጃም በ2015 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ሲቋረጥ የቆጠርነው ሰዓት ሳይሆን ወር ነው። ገጠር ያለችው የአጎቴ ልጅ ምጥ የያዛት ሌሊት ደግሞ ጭራሽ ስልኩም አይሠራም ነበር። አምቡላንስ በምን ይጠራ? ባሏ በጨለማ የየጎረቤቱን በር እያንኳኳ ቃሬዛ ተሸካሚ ለመነ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነግቷል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተርፈዋል።

«የሐሰት ወሬ እንዳይዛመት ነው» ይባላል። ወሬማ የሚብሰው ስልክ ሲጠፋ ነው። ከቡሬ የመጣ ሹፌር አንድ ነገር ይናገራል፤ መናኸሪያ ሲደርስ ሌላ ይሆናል፤ ገበያ ሲገባ ሰው ሞቷል ይባላል። ደውለህ አታጣራ ነገር! እባካችሁ፣ ቢያንስ የድምፅ ጥሪውን አትንኩብን።