ይድረስ ለተከበሩ የኩላሊት ጠጠር

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ በስተቀር ደኅና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ጎኔን ይዤ፣ መቆሙም መቀመጡም መተኛቱም አልሆንልኝ ብሎ ነው። ከጀርባ ተነሥተው እስከ ብሽሽት ድረስ ግዛትዎን አስፍተዋል። ቁመናዎን በአልትራሳውንድ ተመለከትኩት፤ 4 ሚሊ ሜትር። ይህ ሁሉ ጩኸት ለዚህ!

የትውልድ ሐረግዎንም አጣራሁ። ካልሲየምና ኦክሳሌት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በሽንት ውስጥ ሟሙተው ሲያልፉ ማንም ልብ አይላቸውም። ውሃ ሲያንስ ግን ሽንቱ ከአቅሙ በላይ ይጭናል፤ ያን ጊዜ ጥቃቅን ክሪስታሎች ኩላሊት ጥግ ላይ ይለጠፉና ሳይጣደፉ እየደራረቡ ያድጋሉ። ጨው ሲበዛም ካልሲየሙ ወደ ሽንት ይጎርፍልዎታል። ሲትሬት የሚባለው ዘበኛ ካልሲየሙን ቀድሞ ይዞ ሊያስቀርብዎ ይሞክራል፤ መቼም አንድ ዘበኛ ምን ያህሉን ይችላል? በእርስዎ ሰበብ የተከሰሰው ደግሞ ምስኪኑ ወተት ነው። በምግብ የሚገባው ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ በሰገራ እንደሚያስወጣው ማን ይመስክርለት?

አርፈው ቢቀመጡ ማን ያውቅዎ ነበር? ለመውጫ የመረጡት ቧንቧ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ከሁሉ በሚጠበው በፊኛ ደጃፍ ላይ ይቀረቀራሉ። እርስዎ በስለትዎ ይኩራሩ እንጂ በዋናነት የሚያስጮኸኝ ከኋላዎ ታቁሮ ኩላሊቴን የሚወጥረው ሽንት ነው። ትኩሳት አስከትለው ከመጡ ግን ደብዳቤ መጻጻፉ ይቅርና ድንገተኛ ክፍል እንገናኝ።

ያቀልጠዋል፣ ያሟሟዋል እየተባለ ያልተመከርኩት ነገር የለም። ከዘመዶችዎ መካከል በእርግጥ የሚሟሙ አሉ። የዩሪክ አሲድ ጠጠሮች አሲድነቱ በበዛ ሽንት ይወለዳሉ፤ ሐኪም በፖታሲየም ሲትሬት የሽንቱን ፒኤች (አሲዱ ሲቀንስ ከፍ የሚለውን መለኪያ) ከ6.5 በላይ ሲያደርሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይቀልጣሉ። እርስዎ ግን እንደ አብዛኛው ወገንዎ የካልሲየም ኦክሳሌት ከሆኑ፣ በዚህ መድኃኒት ንቅንቅ አይሉም። ወይ በገዛ እግርዎ ይወጣሉ፣ ወይ በሌዘር ይደቅቃሉ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ውስጥ በተጀመረው፣ ሰውነት ሳይቀደድ በሚላክ ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ከውጭ ይፈረካከሳሉ።

በመጠንዎ ስገምት የመጀመሪያውን ሳይመርጡ አይቀሩም። ማጥለያ አዘጋጅቻለሁ። ሲወጡ እዚያው ላይ ይረፉልኝ፤ ላቦራቶሪው የየትኛው ወገን እንደሆኑ ይጠይቅዎታል።

እንቅልፍ ያጣው አከራይዎ